ዜሮ ላይ የማትቆም ሚዛን

ሱቄ ውስጥ አንዲት ሚዛን አለች። ፊቷ እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ ነው፤ መርፌዋ ቀይ ነው። መስታወቷ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ተሸካሚው ልጅ አንድ ቀን የስንዴ ጆንያ ጥሎባት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም ሳይጫንባት እንኳ መርፌዋ ዜሮ ላይ አልቆም አለ። አለፍ ብሎ 200 ግራም ላይ ያርፋል።

ልብ አድርጉልኝ፤ ሚዛኗን ያበላሸኋት እኔ አይደለሁም። ይህቺን ነገር ለራሴ ስምንት ወር ሙሉ ስነግረው ኖሬያለሁ።

እህል ነጋዴ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ታኅሣሥ ላይ ማልዶ የወጣ ሰው ሣሩን በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያገኘው። በዚያ ብርድ ጋቢዬን ደርቤ ኪዳን አደርሳለሁ። ረቡዕና ዓርብ አላፈርስም። ዓቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እጾማለሁ። ሰንበቴም ማኅበርም አለኝ። ሰፈር ውስጥ "እሱ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው" ይሉኛል። ሱቄ ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ልክ ከሚዛኗ በላይ።

(ባለቤቴ ግን "ጾም ሲገባ አንተ ትከፋለህ" ትለኛለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ስቆይ የምናገረውን አላውቅም። ይህንንም ልጻፈው፤ እሷም ታነበዋለች።)

አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ መጡ። ስማቸውን እዚህ አላነሳም። በራቸው ላይ ለጎረቤት እንጀራ የሚሸጡ እናት ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ አምስት ኪሎ ሰርገኛ ይወስዳሉ። መዘንኩላቸው። ከረጢታቸውን እያሰሩ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣

"እጄ አረጀ መሰለኝ ልጄ" አሉኝ። "አምስት ኪሎ ጤፍ ሃያ አምስት እንጀራ ይወጣኝ ነበር። አሁን ሃያ አራት ላይ ያልቅብኛል። ሊጡን እያወፈርኩት ይሆን?"

ዝም አልኩ።

"መጀመሪያ ባለ ወፍጮውን ነበር የጠረጠርኩት። ተጣልቼው ሌላ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። እዚያም ያው ሃያ አራት ነው።"

አሁን ምን እንዳልኩ ብነግራችሁ ታዝኑብኛላችሁ። "እነሱ ሁሉም አንድ ናቸው እትዬ፤ ዛሬ ማን ይታመናል" አልኳቸው።

"እውነትክን ነው" ብለው ሄዱ።

ያን ቀን ማታ ወረቀት አውጥቼ ሒሳብ ሠራሁ። በቀን ቢያንስ 25 ሰው ይመጣል። በሰው 200 ግራም፣ በቀን 5 ኪሎ። በወር 26 ቀን እሠራለሁ፤ 1 ኩንታል ከ30 ኪሎ። በስምንት ወር 10 ኩንታል ከ40 ኪሎ። አሥር ኩንታል! አንድም ቀን እጄን ከሰው ኪስ ሳልከት። ተሸካሚው ልጅ ጆንያ ስለጣለ ብቻ።

ወረቀቱን ቀድጄ ተኛሁ። ጠዋት ኪዳን ሄድኩ።

ልጅ ሳለሁ ደቀ መዝሙር ነበርኩ፤ ቃሉን ስሰማ ቀድሞ የሚመጣብኝ ደበሎ ነው። ዝናብ የመታው ደበሎ ሽታ። አሥር ዓመቴ ላይ አባቴ መንዝ ካለው ቤታችን የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቅ አንድ የኔታ ወሰደኝ። ፊደል ቆጠርኩ፣ አቡጊዳ ገባሁ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ያውቀዋል፤ ንባብ የሚጀመረው በእሷ ነው። በግእዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ ያቺው መልእክት ትመላለሳለች። ትርጉሙ አይነገርህም። ከሰዓት በኋላ አኩፋዳህን ይዘህ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልክ ትዞራለህ። ውሻ ያባርርሃል። ያገኘኸውን ቁራሽ ይዘህ ትመለስና ከጓደኞችህ ጋር ትካፈላለህ። ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንጨት እንደሚለቅም ተራ አለው።

አንድ ቀን ተራው የኔ ነበር። ምንጩ ሩቅ ነው፤ ቁልቁለት ወርደህ ዳገት ነው የምትወጣው። ለግሜ ቁጭ አልኩና የኔታን አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። መልእክቱ ውስጥ ስላለች አንዲት ቃል። እኔ ብልጥ ነኝ፤ ትርጓሜውን ሲነግሩኝ ይመሻል፣ ሲመሽ ሌላ ሰው ይወርዳል ብዬ ነው። የኔታ በደንብ ሰሙኝ። ጥያቄውም ደስ ያላቸው ይመስላል። ከዚያ፣

"ውሃ ቀድተሃል?" አሉኝ።

"አልቀዳሁም የኔታ።"

"እንግዲያው ቅዳ።"

ቀድቼ ስመለስ መሽቷል። ጥያቄዬንም ረስቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ቆየሁና አባቴ ሲታመም፣ ከብት ጠባቂ ሲጠፋ፣ ወደ ቤት ተመለስኩ። ዳዊት ደግሜ አልጨረስኩም። መልእክተ ዮሐንስን ግን እስከ ዛሬ በቃሌ ልወጣላችሁ እችላለሁ። አማርኛውን ያነበብኩት አድጌ ነው። አውቀዋለሁ እያለ ትእዛዙን የማይጠብቅ ውሸታም ነው ይላል። በልጅነቴ በሦስት ዓይነት ንባብ ያዜምኩት ይህንን ነበር!

ወደ ሚዛኗ ልመለስ።

ዓቢይ ጾም ገባ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሦስተኛው እሑድ ምኩራብ ይባላል። ጌታ ከቤተ መቅደስ ሻጭና ለዋጩን ጅራፍ ይዞ ያስወጣበት ወንጌል ይነበባል። ነጋዴ ሆኖ ያንን ቀን ፊት ቆሞ ማስቀደስ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዓይኔን ከአባ ላይ አሸሸሁ። በማግስቱ የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጆንያውን፣ መርፌውን፣ እትዬን፣ 10 ኩንታል ከ40 ኪሎውን። ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነው የሄድኩት። ስግደት እችላለሁ። ቀኑን ሁሉ ጆንያ ሲያነሳ የኖረ ወገብ ነው።

አባ ዝም ብለው ቆዩ።

"ሚዛኗ አሁን የት ናት?" አሉኝ።

"ሱቅ ናት አባ።"

"ዜሮ ላይ ናት?"

"አይ... ያው እንደነበረች ናት።"

"ታዲያ ምን ልትናዘዝ መጣህ? ሂድ አስተካክላትና ትመጣለህ።"

አልናዘዙኝም። መልሰው ሰደዱኝ። መንገድ ላይ ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ሱቁን ከፈትኩ። ሚዛኗን ገለበጥኳት። ጀርባዋ ላይ አንዲት ብሎን አለች። የአንድ ብር ሳንቲም ጠርዝ አስገብቼ ወደ ግራ አዞርኳት። መርፌው ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ጨመርኩ። አለፈ። መለስ አደረግኩት። ዜሮ። ስምንት ወር ያልተሠራው ሥራ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ጆንያው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብል ያምርልኝ ነበር። አላለቀስኩም። ደንበኛ መጣ፤ ሦስት ኪሎ ባቄላ።

ስመለስ አባ "አሁን ተናገር" አሉኝ። ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ፣ መመለስ አለብህ አሉ።

"ለማን አባ? ከተማው ሁሉ ነው የገዛኝ።"

"የምታውቃቸውን በስም። የማታውቃቸውን በምራቂ።"

ምራቂ ማለት ያው የምታውቁት ነው፤ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሻጭ ከላይ ጣል የሚያደርጋት እፍኝ። እናቴ ገበያ ስትሄድ ምራቂ ሳይጨመርላት ከቆመችበት ንቅንቅ አትልም ነበር። እኔ ነጋዴ ከሆንኩ ጀምሮ ምራቂ ትቻለሁ፤ ዘመኑ የኪሎ ነው ብዬ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለመጣው ሁሉ ሁለት እፍኝ እጨምራለሁ። ሰው ግራ ይገባዋል። አንዱ "ጤፉ ነቅዟል እንዴ?" አለኝ።

በምራቂ መመለስ ቀላል ነው። ማንም አያውቅብህም፤ እንዲያውም ቸር ነው ይሉሃል። የከበደኝ በስም የሚለው ነው። እትዬን ሦስት ሐሙስ ዝም ብዬ አሳለፍኩ። በሦስቱም ሐሙስ ከአምስት ኪሎው ላይ ደህና አድርጌ ጨመርኩላቸው። በአራተኛው፣

"እጄ ተመለሰልኝ!" ብለው መጡ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ነበር። "ሃያ ስድስት ወጣኝ። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ወርጄ ነበር፤ እሷ ናት።"

ኧረ ይህንንስ አልቻልኩም። እመቤታችን ላይ ላሳብብ? በሩን ገርበብ አደረግኩና ነገርኳቸው። ሚዛኗን እያሳየሁ፣ ብሎኗን እያሳየሁ። ሳወራ አቋረጡኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ስምንት ወር።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "ሠላሳ ሁለት ሐሙስ" አሉ። "ሠላሳ ሁለት እንጀራ።"

እኔ በኪሎ አስቤው ነበር፤ 6 ኪሎ ከ400። እሳቸው በእንጀራ ነው ያሰቡት። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለው እኔም አራት እጥፍ አዘጋጅቼ ነበር፤ 25 ኪሎ ከ600 ግራም፣ በአዲስ ከረጢት ታስሮ። ሳሳያቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"የሰው ትርፍ አልፈልግም። የኔን ስጠኝ።"

ከረጢቱን ፈታሁት። እያዩኝ 6 ኪሎ ከ400 መዘንኩ። ምራቂ ልጨምር ስል እጄን ያዙኝ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉና፣ "ባለ ወፍጮውን የጠረጠርኩት ባንተ ነው። እኔ አፍራለሁ፤ አንተ ሄደህ ትነግረዋለህ" አሉኝ።

ሄጄ ነገርኩት። ባለ ወፍጮው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ሰማኝ። አንዲትም ቃል አልመለሰልኝም። እስከ ዛሬም አያናግረኝም። እህል የማስፈጨው እሱ ጋ ነው፤ ሰላምታ እሰጠዋለሁ፣ ሒሳቡን ይቀበለኛል፣ በቃ።

ያ ጾም እንዲህ ባለ ነገር አለቀ ብላችሁ እንዳትገምቱ። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ"፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል ሁላችንም ግራና ቀኝ ዞረን እጅ እንነሳለን። ዓመታት ሙሉ እጅ ነስቻለሁ። አጠገቤ ከሚቆመው ሰው ጋር ደግሞ ጠብ የለኝም፤ ስሙንም አላውቀው። የተጣላሁት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። እሱ ያለው መንዝ ነው።

ጠቡ የመሬት ነው። አባታችን ሲሞት ለኔ የደረሰችኝን ሁለት ጥማድ መሬት ለባዳ የእኩል ሰጠኋት። ወንድሜ ድንበርተኛ ሆኖ፣ በሬ እያለው፣ ጉልበት እያለው። ለምን ብትሉኝ ባዳው ቀብድ ሰጠኝ፤ ወንድሜ ግን በምርት ጊዜ ነበር የሚከፍለኝ። አራት ዓመት አልተነጋገርንም። እናታችን ስታርፍ እንኳ ድንኳን ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተን ነው የተቀመጥነው።

መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቄ ሄድኩ። ጣርማ በር ላይ ዋናው አስፋልት ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ የመንዙ ወደ ግራ ይታጠፋል። እዚያ መታጠፊያ ላይ ልውረድና ልመለስ ብዬ አስቤ ነበር። ጉሙ መኪናውን ሸፍኖት ምንም አይታይም። ሹፌሩ ባይቸኩል ኖሮ እወርድ ነበር።

ወንድሜ የበልግ ገብስ ሊዘራ እያረሰ ነው ያገኘሁት። ድሮ ጋሼ ነበር የሚለኝ። ያን ቀን በስሜ ጠራኝ።

"ምን ልትወስድ መጣህ?"

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ወንጌል የተጠቀሰበት። ጠፋብኝ። "በድዬሃለሁ" ብቻ አልኩት። ዝም አለኝ። በሬዎቹን መታ አድርጎ አንድ ትልም ሄደና ተመለሰ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ የከተማ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ሌላ ትልም ሄደ። ሲመለስ አጠገቤ ቆመና ጅራፉን ዘረጋልኝ።

"ያዝ።"

እርፍ ከጨበጥኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በሬዎቹ ወዲያው አወቁብኝ። ማረሻው አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይሰምጣል። ሦስት ትልም አወጣሁ፤ ሦስቱም የእባብ መንገድ። ላቤ ጠብ ይላል። ወንድሜ ጓል እየከሰከሰ ከኋላዬ ይመጣል። የሦስተኛው ጫፍ ላይ ቀና ብሎ አየና ሳቁ አመለጠው።

"ጋሼ፣ ይኼ ምን ዓይነት ትልም ነው?"

ሌላ ምንም አላለኝም። ማታ ሽሮ በላን። ባዳው የዘራውን እስኪያነሳ ጠበቅን፤ ከዚያ ወዲህ ያቺን መሬት ወንድሜ ነው የሚያርሳት። ስለ ድንበሩ ባለፈው ክረምት እንደገና ተጨቃጭቀናል።

ሌሎቹ ነገሮች ትንንሽ ናቸው። ተሸካሚውን ልጅ ቅዳሜ እከፍልሃለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት አንከባልለው ነበር፤ አሁን ፀሐይ ሳትጠልቅ እከፍለዋለሁ። ሚዛኗን ያበላሻት እሱ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ከደመወዙ ቆርጬበታለሁ፤ እሱንም መልሻለሁ።

አንዳንዴ የድሮው ብልጠቴ ይመጣብኛል። እዚሁ ተጉለት ውስጥ ደብረ ምጥማቅ ላይ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1450፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባሉበት የተሰበሰበው ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር ብሎ ወስኗል። የደብረ ብርሃን ትልቁ ገበያ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ታዲያ እኔ ቅዳሜ ሱቅ ልክፈት ወይስ ልዝጋ? ይህንን ጥያቄ ይዤ፣ መጽሐፍ ሁሉ አገላብጬ፣ አባ ጋ ሄድኩ። ሰሙኝና ሳቁ።

"አንተ መጀመሪያ የሐሙሷን ጨርስ" አሉኝ።

የኔታን ነው ያየሁት። በሕይወት ያሉ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ከጻድቃኔ ማርያም ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው መኪናውን አቁሞ ማኛ ጤፍ ጠየቀኝ። "የምንጃር ነው?" አለ። የምንጃር አልነበረም። አፌ ግን "አዎ" አለ። ሃምሳ ኪሎ ጭኖ ሄደ። ሚዛኑ ልክ ነበር፣ ጤፉም መጥፎ አልነበረም፣ ምራቂም ጨምሬያለሁ። ሰውየውን ከየት አገኘዋለሁ? ለአባ ገና አልነገርኳቸውም። "የመኪናውን ታርጋ አይተሃል?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይቻለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኳቸው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። እትዬ ማልደው መጡ፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነዋል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድም ቀን ሳያዩ አያስመዝኑም። መነጽራቸውን ከደረታቸው አወጡ። ጎንበስ ብለው፣ አፍንጫቸው የተሰነጠቀውን መስታወት እስኪነካ ድረስ ተጠግተው፣ መርፌዋን አዩ። እኔም እስኪጨርሱ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

"ዜሮ ነው" አሉ። "ጫን።"